ሞተሩ አልፈላም

ወንድሜን ባዳቾን በቅጡ የማያውቅ ሰው ስሙን አንስቶ ሲያወራ ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። የሚያውቁት ሰዎች የሠሩበትን ሳስብ ግን ይብስብኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም ገና አልበረደልኝም። «ረጋ ብለሽ ጻፊው» ያለኝ ሰው አለ። እሱ ረጋ ብሎ የራሱን ይጻፍ።

ባዳቾ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ እኔ ሽታዬ የመጨረሻዋ ነኝ። ከጉኑኖ ወደ ሶዶ የወጣው ገና ጢም ሳያበቅል በአይሱዙ ረዳትነት ነው። ከበዴሳ እህል፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ሲያመላልሱ ጭነት ላይ እየተኛ ጎረመሰ። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን እናታችን ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ የእኛን ጎደሬ፣ ቦይናን፣ በዳጣ አበላች። ከዚያ ወዲህ መሪ ሳይጨብጥ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ቁመቱ አጭር ነው፣ ድምፁ ግን ከሩቅ ይሰማል። መጠጥ አይቀምስም፣ ሰው አያማም። አንድ ክፉ አመል ግን አለበት፤ የተናገረውን አይደግምም። አንዴ ይናገራል፣ በቃ። «ምን አልክ?» ብትለው ዝም ብሎ ያይሃል። «ሁለቴ የሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያውኑ አላመነኝም ማለት ነው» ይላል። ፈጠነች የምትባለው ሚስቱ ከዚህ አመሉ ጋር ስትጣላ ነው ያረጀችው።

ቤተ ክርስቲያናችን ያገለገለ አባዱላ ስትገዛ፣ ሾፌር ማን ይሁን ተብሎ ሰው እንኳ አልተፈለገም፤ ባዳቾ ተባለ። ወንጌላውያንን ወደ ሁምቦ ያደርሳል፣ መዘምራንን ወደ ኮንፈረንስ ይወስዳል፣ ምጥ የያዛት ሴት ካለች ቀንም ሆነ ሌሊት ተነስቶ ወደ ሆስፒታል ያመጣል። የአባዱላ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ባዳቾ ከሁምቦ ወደ ሶዶ ያለውን ዳገት ከመጀመሩ በፊት፣ ፀሐይ ቢያቃጥል ዝናብ ቢዘንብ፣ ጥግ ይዞ ይቆማል። ፊት የተቀመጡትን ያስወርዳል፣ ወንበሩን ያነሳል፣ አጎንብሶ ውሃውንና ዘይቱን ያያል። ሳያይ አይወጣም። ተሳፋሪ ያጉረመርማል፤ መዘምራኑማ ስም አውጥተውለታል፣ «የጋሼ ባዳቾ ጸሎት» ይሉታል። አንዷ «አሜን በሉ፣ ጨርሷል» ስትል መኪናው በሳቅ ያውካካ ነበር። ሳይጸልይ የወጣበት ቀን አለ የሚል አንድ ሰው ቢመጣ ይህን ጽሑፍ እቀደዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ያ አባዱላ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀመረ። ጉልበትም አነሰው፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን በሁለተኛ እየጎተተ ይወጣል። ባዳቾ ወደ ዘሩባቤል ጋራዥ ወሰደው። የእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ከዚያ ጋራዥ ጋር አጥር ስለሚጋራ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። «ዳገት ሲወጣ የሆነ ቦታ ያፏጫል» አለው ባዳቾ። አንዴ ነው ያለው፣ እንደ ልማዱ። ዘሩባቤል በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው፤ ምክንያቱም ዓይኑም ልቡም አዲሱ መለኪያው ላይ ነበር።

ዘሩባቤል ክፉ መካኒክ አይደለም። እጁ የተባረከ ነው። ያን ሰሞን ግን ከዱባይ የመጣ ዘመዱ የኮምፕሬሽን መለኪያ ይዞለት መጣ። ሰዓት የመሰለ ክብ ፊት አለው፤ ፊቱ ላይ ከታች ቀይ፣ ከላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ካንዴላዎቹ ይፈቱና መለኪያው በቀዳዳቸው ይታሰራል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ በማስነሻው በሞተሪኖ ብቻ ይሽከረከራል፤ ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ መርፌው ያሳያል። አረንጓዴ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቀይ ላይ ከቀረ ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድና ይታደስ ይባላል። ከዚህ በላይ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት ዘሩባቤል ሞተር የሚመረምረው በጆሮው ነበር፤ ያን ክረምት ጆሮውን አሳረፈው።

ታዲያ ያን ክረምት ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ መሣሪያ፣ ያለው መኪና ሁሉ ቀይ ላይ ይቀራል። አንድም የሚተርፍ የለም። ጋራዡ ወለል ላይ ፒስተን እንደ ገበያ ቦይና ተደርድሮ ከረመ። ሰው «የዘንድሮ ናፍጣ ነው የገደላቸው» አለ፤ «አቧራው ነው» ያለም ነበር። መለኪያውን የጠረጠረ ግን የለም። ቀለም አለዋ! ቀዩን ቀይ ነው ለማለት ማን ትምህርት ያስፈልገዋል?

የእኛም አባዱላ ቱርቦ አለው፤ ተለካ። አራቱም ቀዳዳ ቀይ ላይ ቆመ፣ አራቱም እኩል። ዘሩባቤል ራሱን ነቀነቀና «ይሄ ፈልቷል። ውሃ ጨርሶ ተነድቷል» አለ። ይህችን ቃል የተናገረው ለእኔ ወይም ለባዳቾ ቢሆን ኖሮ ጋራዥ ውስጥ በቀረች። የሰሟት ግን አቶ ሚልክያስ ናቸው።

አቶ ሚልክያስ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። በበዴሳ በኩል እህል ይነግዳሉ፤ ደግ ሰው ናቸው ይባላል፣ ለድሃም ይሰጣሉ። አንድ ነገር ካመኑ ግን ከሰማይ ቢነገራቸውም አይመለሱም። በዚያው ሳምንት ባዳቾን ቢሮ አስጠሩት። እኔና ፈጠነች ውጭ መስኮቱ ሥር ቆመን እንሰማለን።

«ወንድም ባዳቾ፣ ሞተሩ ፈልቶብህ ነበር ወይ?»

«ሞተሩ አልፈላም።»

«ምናልባት ውሃ ጨርሰህ ነድተህ ይሆናል። ሰው ነህ፣ ይደርሳል።»

ዝም።

«በጌታ ፊት ነህ። ፈልቶብህ ነበር?»

አሁንም ዝም። ፈጠነች መስኮቱ ሥር ፀጉሯን ልትነጭ ደረሰች። «ተናገር አንተ ሰው፣ ድገመው!» ትላለች በሹክሹክታ። እሱ እንደሁ አንዴ ተናግሯል። አቶ ሚልክያስም ዝምታውን ጥፋተኝነት አድርገው ቆጠሩት። «ሰው ይዋሻል፣ መሣሪያ አይዋሽም» አሉና ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ። ጸሎቱ ራሱ አናደደኝ። የሰውን ስም ቀብረው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ጌታን ማመስገን!

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከትም ማስታወቂያም በአማርኛ ይነገራል፤ ከጎን ቆሞ የሚያስተረጉም ወንድም ደግሞ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በወላይትኛ ይመልሰዋል። ይህ የሚደረገው እንደ እናታችን ላሉት፣ አማርኛ ለማይሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተብሎ ነው። በዚያ እሑድ አቶ ሚልክያስ ማይክራፎን ያዙና «ወንድም ባዳቾ በአደራ የተሰጠውን የጌታን ንብረት በቸልተኝነት አቃጥሎ፣ ሲጠየቅም እውነቱን ስለደበቀ፣ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከጌታ እራትና ከአገልግሎት ታግዷል» አሉ። ባዳቾን ከመድረኩ በታች ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙረው አቁመውታል። አስተርጓሚው ተከተለ። በቢሮ አማርኛ ተሸፋፍኖ የነበረው ነገር በወላይትኛ ሲነገር መሸሸጊያ አላገኘም፤ አቃጠለ፣ ዋሸም ተባለ። እናታችን ፊት ወንበር ላይ ነበረች። አንገቷን ዞር አድርጋ አጠገቧ ያለችውን ሴት «የእኔን ልጅ ነው ወይ?» ብላ በወላይትኛ ስትጠይቅ ሰማኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን ባዳቾን ባየችው ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበር፣ «ልጄ፣ ለምን ዋሸህ?» የሚል። እሱ ያመጣላትን ዳቦ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጥና ይወጣል። «እኔስ ልንገራት?» ብዬ ብጠይቀው «የነገራት መድረኩ ነው፣ መድረኩ ይመልስላት» አለኝ። እኔም ብነግራት ኖሮ የእህት አፍ ነው ብላ አታምነኝም ነበር። መድረክ የተናገረው ለእሷ የጌታ ቃል ነው።

እንደዚህም ሆኖ፣ ነገሩ በባዳቾ ብቻ ቢቀር እሱ ይችለው ነበር። ግን ሶፊ ልትዳር ነው። አንዲት ሴት ልጁ ናት፤ ሠርጓ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ተቆርጧል። በእኛ ዘንድ የሙሽራዋ አባት መድረክ ላይ ወጥቶ ልጁን ይመርቃል። በእገዳ ላይ ያለ ሰው መድረክ አይረግጥም። መንገዱም ተነገረው፤ አጠፋሁ ይበል፣ ይቅር ይባላል፣ ልጁን ይመርቃል። ምን ቀላል ነገር አለ! ዘመድ ጎረቤቱ በየተራ እየመጣ «ምን አለበት፣ አንዲት ቃል ናት» ይለው ጀመር። ፈጠነች አለቀሰች። አንድ የታወቀ ጸሎተኛ ደግሞ «ባታጠፋም አጥፍቻለሁ ማለት ትሕትና ነው» አለው። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ነበርኩ፤ ምን ብዬ እንዳባረርኩት አልጽፍም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሶፊ ራሷ መጣች። ባዳቾ ደጅ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። አጠገቡ በርከክ አለችና «አባዬ፣ ለእኔ ስትል... አጥፍቻለሁ በላቸውና ይለቅ» አለችው።

ጫማውን አስቀመጠ። «ሶፊ፣ ሞተሩ አልፈላም» አለ።

በሕይወቱ የተናገረውን ሲደግም የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሶፊም ገባት። እጁን ስማ ተነሳች፣ ዳግመኛም ስለዚህ ነገር ለምና አታውቅም።

ጊፋታ ሊደርስ ሲል አቶ ሚልክያስ ስለ አባዱላው ሞተር መውረድ ሊነጋገሩ ጋራዡ መጡ። የመጡት በአዲሱ ፒካፓቸው ነው፤ ያንኑ ዓመት የገዙት፣ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ፣ ቱርቦ ያለው። ማንንም ሰው መሪ አያስጨብጡም፣ ራሳቸው ናቸው የሚነዱት። ባዳቾ መምጣታቸውን ከሰማ በኋላ ገባ። ሰላምታ አልሰጠም።

«ዘሩባቤል፣ የአቶ ሚልክያስን ፒካፕ ለካ» አለ።

ዘሩባቤል ሳቀ። አቶ ሚልክያስም ሳቁ። «የእኔን? የእኔማ ምኑ ይለካል፣ ገና የአዲስ ሽታው አልወጣለት!» አሉ። በዙሪያው ያሉት መካኒኮች ሥራቸውን ትተው ቆሙ። አቶ ሚልክያስ ሰው ሲያያቸው ወደኋላ የሚሉ ሰው አይደሉም። «ይለካ! ይለካና ሰዉ ሁሉ ጤነኛ ሞተር ምን እንደሚመስል ይይ። ይህ ወንድማችንም ይፈር» አሉ። እኔ ሱቄን ለጎረቤት ሰጥቼ አጥሩ ላይ ተንጠላጠልኩ።

ኮፈኑ ተከፈተ፣ ካንዴላዎቹ ወጡ፣ መለኪያው ታሰረ። ሞተሪኖው ጮኸ። መርፌው እየዘለለ ወጣ፣ ወጣና ቀዩ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ቀዳዳ ቀይ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ቀይ። ዘሩባቤል መለኪያውን ፈትቶ እንደገና አሰረው፤ ያው ቀይ ነው።

«ፈልቶብዎት ነበር?» አለ ባዳቾ።

«ምን?» አሉ አቶ ሚልክያስ።

«ምናልባት ውሃ ጨርሰው ነድተው ይሆናል። ሰው ነዎት፣ ይደርሳል።»

አቶ ሚልክያስ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «አልፈላም! እኔ እኮ ነኝ የምነዳው! አልፈላም እያልኩ እኔን ውሸታም ልታደርገኝ ነው?» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ እኔ ከአጥሩ ላይ ሆኜ የሳቅኩት ሳቅ የደስታ አልነበረም። ራሳቸው የሚሉትን ራሳቸው ይሰሙ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልሰሙም። ወደ ዘሩባቤል ዞረው «መለኪያህ ነው የተበላሸው!» አሉት።

ዘሩባቤል ይህን መቻል አቃተው። መለኪያውን መስደብ ለእሱ ልጁን ከመስደብ አይተናነስም። አርባ ምንጭ ጋራዥ ያለው ጓደኛው ጋር ደወለ፣ የፒካፑን ዓይነት ነገረው፣ ጓደኛውም እንዲህ ያለ ሞተር እዚያ ሲለካ ከቀዩ በላይ እንደሚወጣ አረጋገጠለት። «መለኪያዬ ምንም አልሆነም! ቆላ ወርደን እንለካውና ይለይልን» ብሎ ፎከረ። ለባዳቾ ተቆርቁሮ አይደለም። እውነቱን ያወጣው ለመለኪያው ያለው ኩራት ነው።

በማግሥቱ አቶ ሚልክያስ፣ ዘሩባቤል፣ ባዳቾና እኔ በዚያው ፒካፕ ወረድን። እኔ ካልሄድኩ ምን ብለው እንደሚመለሱ ስለማውቅ ማንም ሳይጋብዘኝ ገባሁ። ሶዶ ላይ ውሃ ጠጥቼ የጨረስኩትን የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቄ ይዤው ነበር። ሁምቦን አልፈን፣ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ጠርሙሱ እጄ ላይ «ቋ» ብሎ ጎኑ ተሰረጎደ። ማንም አልነካውም። ወደ አባያ ሜዳ ስንደርስ ጎኑ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገባ። አንስቼ ለዘሩባቤል አሳየሁት፤ ተቀብሎ እስክንቆም ድረስ ሲያገላብጠው ሄደ።

አንድ ግራር ሥር ቆመን ለካን። ፍየል ጠባቂዎችና አንድ ባለጋሪ ከበቡን። መርፌው ሶዶ ላይ የቆመበትን አልፎ ወጣ፣ ቀዩን ጨርሶ አረንጓዴው ጠርዝ ላይ ቆመ። አራቱም ቀዳዳ እንዲሁ።

ነገሩ ይኸው ነው። ሶዶ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ ጠርሙሴን የሰረጎደውም የቆላው ከባድ አየር ነው። ፒስተን የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ያላገኘውን ከየት አምጥቶ ይጨምቃል? ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ ቱርቦው አየር እንደሚነፋለት ታስቦ ስለተሠራ፣ ብቻውን ሲለካ ከሌላው ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በሞተሪኖ ብቻ ሲሽከረከር ቱርቦው ተኝቷል፣ አይነፋም። የመለኪያው ቀለም የተቀባው ባሕር ጠረፍ ላይ ላሉ አገሮች ነው። ሶዶ ላይ መታየት የነበረበት ቀለሙ ሳይሆን አራቱ ቀዳዳዎች እኩል መሆናቸው ነበር፤ እኩል ነበሩ። ይህን ያህል ነገር ነው የአንድን ሰው ስም አፈር ያስበላው።

አቶ ሚልክያስ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተመስገን ጌታዬ! መኪናዬ ጤነኛ ናት!» አሉ። ለፍየል ጠባቂዎቹ ሳይቀር ብስኩት ገዝተው አደሉ። ባዳቾ ግራሩ ሥር ቆሟል። ወደ እሱ ዞር ያለ የለም።

ደሜ ፈላ። «አቶ ሚልክያስ፣ የወንድሜስ ነገር?» አልኩ።

«እሱማ አለቀ እኮ፣ ጌታ ፈታው! ለጊፋታ ቂም ይዘን አንገባም» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። ቂም የያዝነው እኛ ሆንን ማለት ነው።

ዘሩባቤልን እዚህ ላይ ላመስግነው። ሶዶ እንደተመለስን አባዱላው ሥር ገባ፤ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያሳልፈው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ አገኘው። ፉጨቱ እሱ ነበር፣ ጥቁሩ ጭስም ከዚያው የመጣ ነው። ከእኔ ሱቅ ቱቦ ወስዶ ቀየረው። ከዚያ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ መካኒኮቹ ሁሉ ባሉበት «ጋሼ ባዳቾ፣ ነግረኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም፣ አጠፋሁ» አለ። ባዳቾ የዘይት እጁን ጨበጠው። ነገሩ ሁለተኛ አልተነሳም። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ለካ ይቻላል።

የቀጣዩ እሑድ መጣ። አቶ ሚልክያስ ማይክራፎኑን ያዙ። «ወንድማችን ባዳቾ በሽማግሌዎች ውሳኔ ይቅርታ ተደርጎለት እገዳው ተነስቶለታል። እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ፣ እልልታው ቀለጠ። ሰዓት ሄዷል ተብሎ ያን ቀን ማስታወቂያው በወላይትኛ አልተተረጎመም። ይቅርታ ተደርጎለት! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ባዳቾ ከመሐል ተነሳ። «ይቅር ያላችሁኝ ምን አጥፍቼ ነው?» አለ።

ድምፁ እስከ በሩ ተሰምቷል። አቶ ሚልክያስ ወደ መዘምራኑ ምልክት ሰጡ፣ ኪቦርዱ ተመታ፣ መዝሙር ተጀመረ። የሰውን ጥያቄ በመዝሙር ሲያፍኑ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባዳቾ ጥርሱን ነክሶ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ማታ ፈጠነች «እገዳው እኮ ተነስቷል፣ ልጅህን መመረቅ ትችላለህ» አለችው። «ይቅር የተባለ ውሸታም ሆኜ አልመርቃትም» አላት።

ጊፋታ አለፈ፣ ሠርጉ ደረሰ። ባዳቾ አባዱላውን ራሱ አጥቦ፣ ራሱ በአበባ አስጊጦ፣ ሶፊን ከቤት ይዟት ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆመ። ወርዶ ከፈተላት፣ ቀሚሷን ከጭቃው ከፍ አድርጎ ያዘላት፣ ከዚያ ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። እኔ የሙሽራዋ አክስት ነኝና ይዣት ገባሁ። ልቤ ግን ደጅ ቀርቷል።

ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ። ፓስተሩ «የሙሽራዋ አባት ለምርቃት ወደ መድረክ ይምጡልን» አለ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ጠራ። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ፣ ፈጠነች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ይህን ጊዜ ሶፊ እጇን ዘርግታ ማይክራፎኑን ከፓስተሩ ተቀበለች። እንዲህ ታደርጋለች ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም፣ ሙሽራው እንኳ ደንግጦ አያት።

«አባቴ ደጅ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ነው ያለው» አለች። «ለምን እንደማይገባ አቶ ሚልክያስ ያውቃሉ። እሳቸው ይንገሩልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።»

ማይክራፎኑን መድረኩ ላይ ወዳለው የሽማግሌዎች ወንበር ዘርግታ ቆመች። አላወረደችውም። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጣቱን ሊያነሳ ሲል ዞሬ አየሁት፤ መልሶ አስቀመጠው። አቶ ሚልክያስ ግራ ቀኝ አዩ። ከመላ ወላይታ የተጠራ እንግዳ ሁሉ እሳቸውን ያያል። ተነሱና ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

«ወንድም ባዳቾ ሞተሩ አልፈላም ብሎን ነበር» አሉ። «ሞተሩ አልፈላም። ወንድማችን አልዋሸም። ሳናጣራ የፈረድነው እኛ ነን፤ እኔ ነኝ። አጥፍተናል።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ድምፅ ማጉያው ግድግዳው ላይ ወደ ውጭ ነው የተሰቀለው። ባዳቾ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሰማህ? ተናገሩ እኮ! ና ግባ!»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሲያዋርዱኝ በሁለት ቋንቋ ነበር፣ ሽቴ» አለ። «እናቴ አማርኛ አትሰማም።»

ተመልሼ ሮጥኩ። በመተላለፊያው መሐል፣ ሙሽራና እንግዳ ሳልል፣ ያለኝን እንዳለ ለአቶ ሚልክያስ ተናገርኩ። አስተርጓሚው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል አቶ ሚልክያስ በእጃቸው አስቀመጡት። እሳቸውም እኮ እንደ እኛው በወላይትኛ አፋቸውን የፈቱ ሰው ናቸው። ማይክራፎኑን እንደያዙ ከመድረኩ ወረዱ፣ ባዳቾን ያቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ እናታችን አዞሩና ያንኑ አንድም ሳያስቀሩ በወላይትኛ ተናገሩ። ልጅሽ አልዋሸም አሏት።

እናታችን በትሯን ተደግፋ ተነሳችና ወደ በሩ ዞረች። «ባዳቾ!» ብላ ተጣራች። ደጅ ላይ የመኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ከዚያም ኮቴው ወደ እኛ ሲመጣ ሰማሁ።